በጨለማ የመረጥነው የቡና ማሽን

አንድ ከሰዓት በኋላ ላጫውታችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከተማው ለቀብር ነቅሎ በወጣበት ዓርብ ቀን፣ እኔና አማቴ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎብን የዋልንበትን። የሄድነው የቡና ማሽን ልንመርጥ ነበር። ይኼን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ይጁቤ ተወልጄ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ለዳኛቸው የተዳርኩ ልጅ ነኝ። ዳኛቸው ከማርቆስ ሉማሜ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ደግ ነው፤ ግን ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ስለሆነ ውሎዬ ሁሉ ከእሱ ጋር ሳይሆን ከእናቱ ጋር ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። በእኛ አገር ወግ አማት ለሙሽራዋ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እሳቸውም እናቴ ያወጣችልኝን ስንዱን ትተው «አለኝታ» አሉኝ። ታዲያ ያን ስም ሲጠሩት ብትሰሙ!

«አለኝታ!»

«አቤት እማማ!»

«ማኪያቶ።»

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ አብረው ኬክ ቤት ገብተው ማኪያቶ ይጠጡ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ኬክ ቤቱ ቀረ፤ ማኪያቶው ግን ቤት ገባ። እኔም ቡናውን በጀበና፣ ወተቱን በድስት አፍልቼ፣ ወተቱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ስንጥ፣ አረፋ እስኪያወጣ ክንዴ ይዝላል። አቅርቤ፣ እጄን ጠርጌ፣ መጽሐፌን ካቆምኩበት ገጽ ስገልጥ፦

«አለኝታ!»

«አቤት!»

«አረፋው ሞተ።»

በጾም ቀን ደግሞ ወተቱ ይቀርና ቡናው ብቻውን ይጠራል። አንዴ ወፈረ፣ አንዴ ቀጠነ፣ አንዴ በረደ። ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሳሎን። ከግቢያችን በር ውጭ ያለው መንገድ የሌላ አገር ይመስለኝ ጀመር።

መጽሐፍ ያልኳችሁ ጉዳይ አለ። ከገበያው በላይ ጋሽ ታደለ የሚባሉ ሽማግሌ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር። ከአስቤዛ መልስ እየገባሁ እከራይ ነበር፤ ማንበብ የተማርኩት በእውነቱ ያኔ ነው። አንድ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ስንዱ፣ ዓይኔ ደከመ» አሉኝ። «ጧት ጧት እዚህ የሚቀመጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ ደግሞ ከእኔ ይልቅ መደርደሪያውን ታውቂዋለሽ። እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ። አለዚያ የእህቴ ልጅ እጇን ዘርግታ እየጠበቀች ነው።»

በደስታ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ለዳኛቸው ስነግረው ራሱን አከከ። «ጥሩ ነበር» አለ። «እማዬንስ ማን ይይልኝ?»

መላውን ያመጣችው አዲስ አበባ ያለችው እህቱ በላይነሽ ናት። ወተቱን ራሱ ስቦ ራሱ አረፋ የሚያስወጣ የቤት የቡና ማሽን መጥቷል፤ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ እኔ እገዛለሁ አለች። እማማ ከወደዱትና በራሳቸው እጅ ከነኩት እኔ ጧት ጧት ወደ ጋሽ ታደለ ልሄድ፤ ካልነኩት ነገሩ ሊቀር። እንዲህ ብለን ተስማማን። ስለዚህ ዓርብ ረፋድ እማማን በባጃጅ ይዤ ወደ ሱቁ ስሄድ ማሽን ልገዛ ብቻ አልነበረም። ሰኞን ልገዛ ነበር።

ባለ ሱቁ ይበልጣል ይባላል፤ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። እማማን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማሽን በማሽን ላይ ይደረድርላቸው ጀመር።

«ይኼ በጣም ትልቅ ነው» አሉ እማማ። «ባል ያገባሁ ይመስልብኛል።»

«ይቺስ እናቴ?»

«ይቺ ደግሞ መጫወቻ ናት። ለልጅ ልጅ ስጣት።»

«ይኼኛው ግን ሞዴሉ አዲስ ነው፣ ድምፁ...»

«ሲጮህ አልሰማሁትም ብለህ ነው? አሁን አላስጮህከውም?»

ሁሉንም ጠሉት። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። በላይነሽ በስልክ የመረጠችው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ማሽን ነበር። ወተቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ ይስብና፣ ቡናውም ወተቱም በአንድ አፍ ይወጣሉ። እማማ አፉን አዩት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ በወተት አሳይዎታለሁ እንዳትለኝ» አሉት።

«ኧረ በውኃ ነው የማሳይዎት!» አለ ይበልጣል።

ይኼኔ ከመንገዱ ላይ ለቅሶ ተሰማ። አንድ የታወቁ አዛውንት መሪጌታ አርፈው ነበር፤ አስከሬናቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ደብር ሲሸኝ በእኛ በኩል ማለፉ ነው። ቀብር ሲያልፍ ሱቅ በሩን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውም ወጥቶ ይቆማል። ይበልጣል እየተጣደፈ ወጣ። እማማም ተነሡ። ሊወጡ መስሎኝ ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። እሳቸው ግን እጄን ያዙና ወደ ጓዳው ጎተቱኝ።

«ነይ፤ እዚያ ውስጥ ሌላም አለኝ ሲል ሰምቻለሁ። እንየው።»

ጓዳው ካርቶን የታጨቀበት ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ነጭ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እማማ ግን ማሽኑን አላዩም፤ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ለቅሶው ቀርቦ፣ አልፎ፣ እየራቀ ሄደ። ያኔ ነው የብረቱ መዝጊያ እስከ መሬት ሲወርድ የሰማሁት። ከዚያ ቁልፍ፣ ቀጭ አለ። ከዚያ መብራቱ ድርግም።

«ይበልጣል!» አልኩ እየሮጥኩ። «ይበልጣል! እኛ እዚህ ነን!»

እግረኛው ሁሉ ለቀስተኛውን ተከትሎ ሄዷል። መልስ የለም። ልጁ ምን እንዳሰበ የገባኝ ወዲያው ነው፤ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? የእማማ ዕድሜ ያላት ሴት አስከሬን በደጅ ሲያልፍ ሱቅ ውስጥ ማሽን ስታማርጥ ትቀራለች ብሎ የሚጠረጥር የማርቆስ ሰው የለም። ከሰው ጋር ወጥተው ሸኚውን ተቀላቅለዋል ብሎ ዘግቶ ሄደ። መብራቱንም በረንዳ ላይ ካለው ቆጣሪ ማጥፋት ልማዱ ነው።

በትንሿ ስልኬ የሱቁን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ። ደግሞ የጠራው አጠገቤ ነው፤ ከባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ።

ለዳኛቸው ደወልኩ። «ምን? ተቆለፈባችሁ?» አለና ሳቀ። ተሳፋሪዎቹም ሲስቁ ይሰማኛል። «ሉማሜ ልገባ ነኝ፤ አራግፌ እመለሳለሁ። እማዬን አይዞሽ በያት።» ይኼን ብሎ ሳይጨርስ ስልኬ ባትሪዋ አልቆ ጠፋች።

በሩን በጡጫ ስደበድብ ከውጭ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ማነው ውስጥ ያለው? ሌባ ከሆንክ ተናገር!»

«ሌባ ሆኖ ማን ይናገራል?» አልኩ ተናድጄ። «ደንበኞች ነን! ተቆልፎብን ነው!»

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ሴቶች!»

ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ አያሌው ነበር። «እንግዲህ ይበልጣል ቁልፉን ይዞ ቀብር ሄዷል። ፍትሐቱ፣ ከዚያም እዝን መቅመሱ... ብቻ ታገሡ። የሚበላ ላምጣላችሁ?» አለና ትንሽ ቆይቶ ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ በመዝጊያው ሥር፣ ብርሃን በምትገባበት ስንጥቅ አሾለከልን።

ቆሎውን ይዤ ወደ ጓዳው ስመለስ እማማ የሉም መሰለኝ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰማሁ። መሬት ላይ፣ በካርቶኖቹ መካከል ተቀምጠዋል፤ ሩቅ የሮጠ ሰው ይመስል ያለከልካሉ።

«እማማ! አመመዎት?»

እጄን አገኙት። እንዴት አድርገው እንደጨበጡኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጣቴ ደነዘዘ።

«አትሂጂ» አሉ።

«የት እሄዳለሁ? በሩ እኮ ዝግ ነው።»

«በሩ ድረስም አትሂጂ።»

ውኃ ልፈልግላቸው ብነሣ፣ «አለኝታ!» አሉ። ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቅሁም። ያ ድምፅ ከሳሎን የሚጠራኝ ድምፅ ነው፤ አንድ ዓይነት፤ ልዩነት የለውም። እኔ የትዕዛዝ ድምፅ ነው እያልኩ የኖርኩት በጨለማ ሳደምጠው የፈራ ሰው ድምፅ ሆኖ ቁጭ አለ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ጀርባዬን ይወጋኛል፤ የላስቲክና የአዲስ ዕቃ ሽታ አፈነኝ። ከዚያ እሳቸው ተናገሩ።

«ጋሼ ሲሞት ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።» ባለቤታቸውን ጋሼ ነው የሚሉት። «ዳኛቸው መንገድ ላይ ነው። ክረምት ነው፣ በረዶ ይወርዳል፤ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው የራሴ ጩኸት ለራሴም አልተሰማኝ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጮህኩ፣ ጮህኩ። በረዶው እስኪያባራ የሰማኝ ጎረቤት የለም። እኔ ነኝ ከእሱ ጋር የተቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ዝም ሲል አልወድም። ቀብርም ማየት አልወድም። ዛሬም የሸሸሁት ለዚያ ነው፤ ያስቆለፍኩብሽ እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ልበልሽ? ትልቅ ሴት ባዶ ቤት ትፈራለች ልበልሽ? ቡና ነው የምልሽ። ቡናው መቼ ጠምቶኝ ያውቃል!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ማሽኑንም ሁሉ የጠላሁት ጠልቼው መሰለሽ? አንዱን ወደድኩት ካልኩ አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አቅፌ አለቀስኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላቀፍኳቸውም።

«እኔስ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴ አስደነገጠኝ። «እርስዎ እዚህ የተጨነቁት ገና አሁን ነው፤ እኔ ግን ከተዳርኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ! በሩ ክፍት ሆኖ የተቆለፈብኝ እኔ ነኝ፤ ስሜን ሲጠሩት ማሰሪያው ይጠብቅብኛል። ፈርቼ ነው ቢሉኝ እኮ አጠገብዎ እየተቀመጥኩ አነብልዎት ነበር! በጠርሙስ ወተት ስንጥ ከምውል!»

ለአማት እንዲህ አይባልም። የገባኝ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እጃቸው ከእጄ ለቀቀ። ጨለማው ከበደኝ። ሰኞ ሄደች አልኩ በልቤ፤ ሰኞም ሄደች፣ ትዳሬም አብራ ሄደች።

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ከውጭ የሴቶች ጫጫታ መጣ። ከቀብሩ ቀድመው የተመለሱ ናቸው፤ አያሌው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያወራ ውሏል።

«ጥሩወርቅ! እውነት አንቺ ነሽ ውስጥ ያለሽው?»

እማማ ቀና አሉ። «አበቡ ናት» አሉ በሹክሹክታ። እትዬ አበቡ የዱሮ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። «ሲመጡ ስለ እሱ ያወራሉ፤ ሲያለቅሱ አለቅሳለሁ። አትምጡብኝ አልኳቸው። ኋላ ኑ ማለቱ አሳፈረኝ» አሉኝ እማማ።

«ጥሩወርቅ! አፍሽንም ቆለፉት?»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ መዝጊያው ወሰድኳቸው። ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደገፉ። ምናልባት ፊታቸው ስለማይታይ ይሆናል፣ ድምፃቸው ቀለል ብሎ ወጣ።

«አለሁ አበቡ! ማሽን ልገዛ መጥቼ ማሽኑ ገዛኝ!»

ከውጭ ሳቁ። ሲስቁ እማማም ሳቁ፤ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«የምን ማሽን?»

«ማኪያቶ የሚሠራ። ወተቱንም ራሱ አረፋ ያስወጣዋል።»

«እንዲያማ ከሆነ መጥተን ልንጠጣ ነዋ! ወይስ ዛሬም ግቢሽ ዝግ ነው?»

እማማ ግንባራቸውን ከብረቱ አነሡ።

«ክፍት ነው» አሉ። «ጧት ጧት ኑ። ሁላችሁም ኑ።»

«ረቡዕና ዓርብስ?» አለች ሌላ ሴት። «ሁዳዴስ? ወተት በነካው አፍ የወጣ ቡና ማን ይጠጣል? ከንቱ ልፋት ነው እህቴ!»

«እሱስ እውነቷን ነው» አሉ ሌሎቹ። ክርክሩ ተነሣ። አንዷ በሙቅ ውኃ ይታጠባል ትላለች፣ ሌላዋ ቱቦ ውስጥ ያለውን በምን ዓይንሽ አየሽው ትላለች። እኔ ግን ልቤ ወደቀ፤ ምክንያቱም የበላይነሽ ጥቁር ማሽን እንደዚያው ነው። በዓመት ውስጥ ጾሙ ብዙ ነው። ሴቶቹ በፍስክ ብቻ የሚመጡ ከሆነ በጾም እማማ ብቻቸውን ናቸው፤ እማማ ብቻቸውን ከሆኑ እኔም የትም አልሄድም።

ዘወር ስል እማማ አጠገቤ የሉም። በጨለማው እየዳበሱ፣ ብቻቸውን፣ ወደ ጓዳው ሄደዋል። ልጠራቸው አፌን ስከፍት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ በስመ አብ! ሰበርኩት!»

ሮጬ ደረስኩ። በእጃቸው አንድ ማሰሮ መሳይ ነገር ይዘዋል። ዳሰስኩት። የነጩ ማሽን የወተት መያዣ ነው፤ ከነክዳኑ፣ ከነቱቦው፣ ወተቱ ከሚወጣበት አፍ ጋር ተነቅሎ መጥቷል። ማሽኑን ዳሰስኩ። የቡናው አፍ ለብቻው ከቦታው አለ። መያዣውን መልሼ ወደ ጎኑ ብገፋው ቀጭ ብሎ ገባ። እንደገና ነቀልኩት። ገባ፤ ወጣ።

«አልሰበሩትም እማማ። ሲሠራ እንዲህ ነው። ወተቱ ለብቻው ነው።»

«ለብቻው?»

«በጾም ነቅለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ቡናው ወተት አይነካውም።»

ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ ልጅ የሚያጥቡ ይመስላሉ። ነቀሉት፣ ከተቱት፤ ነቀሉት፣ ከተቱት። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ዞሩ። ዓይናቸውን ባላየውም እኔን እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ።

«አንቺ ቅድም የተናገርሽኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅር የምልሽ የለም። ዘግይተሽ ነው የተናገርሽው።»

ይበልጣል የመጣው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው፤ ዳኛቸውም በዚያው ሚኒባሱን ሱቁ ደጅ ላይ አቆመ። መዝጊያው ወደ ላይ ሲጠቀለል ብርሃኑ ዓይናችንን መታው። ይበልጣል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «እናቴ፣ ከሸኚው ጋር የሄዱ መስሎኝ ነው! በመሪጌታ አምላክ!»

«ተነሥ፣ ተነሥ። ያን ነጩን አውጣልኝ።»

ዳኛቸው ጣልቃ ገባ። «እማዬ፣ በላይነሽ የመረጠችው ጥቁሩን እኮ ነው። ነጩ ያረጀ ሞዴል ነው አሉ።»

«በላይነሽ ናት የምትነካው?» አሉ እማማ። «የምነካው እኔ ነኝ።»

የምነካው እኔ ነኝ! ይኼን ቃል ስሰማ እሳቸው ተቀምጠውበት የነበረው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ ጧት ጋሽ ታደለ ዘንድ ሄድኩ። ውሸት አልናገርም፤ መደርደሪያውን ስጠርግ ጆሮዬ ቤት ነበር። ማሽኑ ፈሶ ይሆን፣ ተሳስተው ይሆን፣ እንደዚያ እያለከለኩ ይሆን እላለሁ። ከመጽሐፍ አንድ መስመር አላነበብኩም። ጊዜዬ ሲደርስ በሩጫ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከግቢው በር ላይ ስደርስ ማሽኑ ሲያጓራ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሴቶች ሲያጓሩ ሰማሁ። እትዬ አበቡ «አረፋው ሞተብኝ!» ይላሉ፤ እማማ «ቀድመሽ አትጠጪም ነበር? ማን አውሪ አለሽ?» ይሏቸዋል። በሩ ላይ ቆምኩ። ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ። ማንም አልጠራኝም። እውነቱን ልንገራችሁ? ትንሽ ከፋኝ። ደስታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉም ነገር ከዚያ ወዲህ ማር ሆነ አልላችሁም። ማሽኑ ስንት ጊዜ ወተት ተፍቶ ጠረጴዛ አበላሽቷል። መብራት ሲጠፋ ሴቶቹም ይጠፋሉ፣ እንደዚያ ባለ ቀን ጋሽ ታደለን አስፈቅጄ ቤት እቀራለሁ፤ ከእማማ አጠገብ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። በረዶ ሲወርድ ዛሬም እጄን ይይዛሉ። ግን ፈራሁ ብለው ነው የሚይዙኝ፤ ቡና ብለው አይደለም። ለእኔ የተከፈተው በር ይኼ ነው። እናንተም ቤት ምናልባት አንድ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል። የሚጠይቀውን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዝም ብላችሁ ድምፁን አድምጡት፤ እኔ ለማድመጥ የበቃሁት ሱቅ ተቆልፎብኝ ነው።

ያን ሰኞ ግን ልጨርስላችሁ። በሩ ላይ ቆሜ እማማ በመስኮት አዩኝ።

«ምን ይገትርሻል?» አሉ። «ግቢ፤ ሥራ ውለሽ መጥተሽ።»

ገባሁ። ወደ ማድ ቤት ልታጠፍ ስል እትዬ አበቡ ወንበር ሳቡልኝ። እማማ ከማሽኑ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ የወተቱን መያዣ ቀጭ አድርገው ከተቱ፣ አንዷን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ስኒውን ይዘው መጥተው ፊቴ አስቀመጡት። አረፋው እስከ ጠርዙ ሞልቷል።

«ጠጪ፣ ስንዱ» አሉኝ።